«ገና ነው» እያለች የከረመችው አይጥ

ተረቴን አዝዬ መጣሁ! «አውርጃት!» በሉኝ እንጂ፣ ምን ታፈጡብኛላችሁ? ትከሻዬ ሊገነጠል ነው! አዎ፣ እንደሱ ጮክ ብላችሁ። እሺ፣ አወረድኳት።

ድሮ፣ ድንጋይ ገና ጠጠር ሳለ፣ ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜኑም ወዲያ፣ ስሙን ማንም በማያውቀው አገር አንድ ትልቅ ጫካ ነበረ። የዚያ አገር በረዶ የእኛን እንዳይመስላችሁ። የእኛዋ ምን አላት፣ ቆርቆሮውን ደብድባ፣ ጎመኑን በሳስታ፣ ሳትቀመጥ ትሄዳለች። የዚያኛው እግሩን ዘርግቶ እንደሚከርም እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ይጋደማል፣ አይነሳም! ወንዙ ድንጋይ ይሆናል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን እንደቆሙ ያንኮራፋሉ። ድቡም ጉድጓዱ ገብቶ ያንኮራፋል።

ከበረዶው ሥር፣ ከበሰበሰው ቅጠል ሥር፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ አበቦች ተኝተዋል። ባዶ ሆዳቸውን አይደለም የሚተኙት። ስንቃቸውን ሥራቸው ውስጥ ቋጥረው ነው፤ ሥራቸው ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ቢቀምሱት የሚጣፍጥ።

የእነዚህ አበቦች ኑሮ ጥድፊያ ነው። ለምን? በረዶው ሲሄድና ዛፎቹ ቅጠል ሲለብሱ፣ በመሀሉ አንዲት ጠባብ ብርሃን አለች። በቃ፣ እሷው ናት! በእሷ ውስጥ ብቅ ማለት አለ፣ ማበብ አለ፣ ፍሬ ማሰር አለ፣ ለከርሞ ስንቅ መቋጠር አለ። ዛፎቹ አንዴ ቅጠላቸውን ከዘረጉ ጫካው ጣራ ይሆናል፤ ከሥሩ ድቅድቅ ጨለማ። ያቺ ብርሃን ያመለጠቻት አበባ ስንቋ ያልቃል፤ የከርሞውን በረዶ አትሻገርም።

ታዲያ ከአፈር ሥር ተኝቶ ላይ ያለውን ማን ያያል? ለዚህ ደግሞ ሥርዓት ነበራቸው። አፈሩ ሞቅ ሲል ከሁሉ ቀድማ የምትነቃው እመት ጉንዳኒት ናት። ትመጣና ወደ እነሱ በሚወርደው ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ «የምሥራች!» ትላለች። አበቦቹ በአንድ አፍ «ምሥር ብይ!» ይሉና ይነሳሉ። ጉርሻዋን ግን እዚያው አያጎርሷትም። አብበው፣ ፍሬያቸው ሲበስል፣ ከፍሬው ጫፍ የተለጠፈች ቅባት ያላት ቁራሽ አለች፤ የጉንዳኒት ድርሻ እሷ ናት። ፍሬውን ተሸክማ ቤቷ ትወስዳለች፣ ቁራሿን ትበላለች፣ ፍሬውን ደጇ ትጥለዋለች። እዚያ ይበቅላል። እሷ ጠገበች፣ እነሱ ዘር አወጡ፣ ማንም ማንን አልበደለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከአበቦቹ መሀል ችኩሊት የምትባል አንዲት ሚጢጢ ነበረች። ሰማያዊ አበባ ናት፤ አንገቷ በሙሉ ጸጉር የለበሰ፣ ጋቢ የተከናነበች የምትመስል። ይቺ ልጅ እንቅልፍ አልፈጠረባትም! ስትገላበጥ፣ ጎረቤት ስትረግጥ፣ ስታቃስት ትከርማለች።

«እማማ ድንቡሼ! እማማ ድንቡሼ! በረዶው ሄደ ወይ?»

እማማ ድንቡሼ የአበቦቹ ሁሉ ታላቅ ናት፣ ነጭ አበባ፣ ሥሯ የሰባ፣ ቃሏ የሚደመጥ። «አልሄደም፣ ተኚ!» ትላታለች።

ትንሽ ቆይታ፦ «አሁንስ?»

«ተኚ አልኩሽ!»

«እሺ አሁንስ?»

«ኧረ ይቺን ልጅ አንድ በሏት!» ይጮሃል ጎረቤት ሁሉ። «ራሷ አትተኛ፣ እኛን አታስተኛ! ማን በወለዳት!»

በመጨረሻ እማማ ድንቡሼም መረራት። «ኧረ አንድ የሚያይልን በተገኘና ባረፍን!» አለች።

ይህን ማን ሰማ? እሜቴ አይጢት! አይጢት በረዶ መጣ ብላ አትተኛም። በበረዶውና በአፈሩ መሀል ለመሀል ጎሬዋን ቆፍራ፣ በረዶውን ጣራ አድርጋ፣ ላይ ታች ስትል ነው የምትከርመው። ያን ሰሞን ጎተራዋ ባዶ ሆኖ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር። ጢሟን አበጥራ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች።

«እንደምን ከረማችሁ እመቤቶቼ! ይቺ ልጅ አሳረረቻችሁ አይደል? በጆሮዬ ሰምቼ ዝም ብል ምን ጎረቤት እባላለሁ? እኔ እየወጣሁ አይቼ ልንገራችሁ!»

«ለመንገሩስ እመት ጉንዳኒት አለችን» አለች እማማ ድንቡሼ።

«ጉንዳኒት! ወይ ጉንዳኒት! እሷ እኮ ለጥ ብላ ተኝታለች። ደግሞ እሷ የምትነግራችሁ ሲደርስ ብቻ ነው። እኔ ግን ባይደርስም፣ አለመድረሱን እየመጣሁ እነግራችኋለሁ!»

አበቦቹ እርስ በእርስ ተያዩ። እውነትም ጉንዳኒት እንዲህ ያለ ነገር አድርጋላቸው አታውቅም።

«እንዲያው ለእግሬ» አለች አይጢት፣ ጥርሷን እያንቀጫቀጨች፣ «ብርዱን አቋርጬ ለምመጣው፣ ከሥራችሁ ጫፍ ትንሽ ቅምስ ባደርግ...»

«ይገባሻል!» አለች እማማ ድንቡሼ። «ለእኛ ብለሽ ደክመሽ ባዶ አፍሽን አንሰድሽም።»

ልብ በሉ፣ ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ድሮ የሚያጎርሱት «የምሥራች» ላለ ነበር። አሁን «ገና ነው» ላለ ማጉረስ ጀመሩ።

ችኩሊት ትጠይቃለች፦ «በረዶው ሄደ ወይ?»

አይጢት ወጣ ትልና ትመለሳለች፦ «ገና ነው ልጄ፣ ተኚ!»

ቀረጥ! ቀረጥ! ከአንዷ ሥር ትቀምሳለች።

በመጀመሪያ እውነቷን ነበር፤ አልዋሸችም። በረዶው እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ግን እየቆየ ሆዷ ሞላ፣ ጉንጯ ወጣ፣ ጸጉሯ ቅቤ እንደጠጣ አብረቀረቀ። አንድ ማለዳ ወጣ ብላ ብታይ፣ በረዶው ጠርዝ ጠርዙ ሳስቷል። ልቧ ድንግጥ አለ። «በረዶው የሄደ ቀን ቀለቤም አብሮ ሄደ ማለት ነው!» አለች ለራሷ። ቆም ብላ ጢሟን አሻሸች። ከዚያ ጎሬዋን ተመልሳ ገባች።

«በረዶው ሄደ ወይ?»

«ገና ነው ልጄ፣ ተኚ!» ቀረጥ! ቀረጥ!

«ታዲያ ይሄ ጠብ ጠብ የሚለው ምንድን ነው?» አለች ችኩሊት። በረዶው ሲቀልጥ ነዋ!

«እሱማ ድቡ ነው» አለች አይጢት፣ ዓይኗን ሳታሽ። «በእንቅልፉ ለሃጩን እያዝረበረበ። ምን ላድርገው፣ አፉን አልዘጋለት!»

አበቦቹ ሳቁና ተኙ። ችኩሊት አልተኛችም።

በማግስቱ ደግሞ፦ «እሜቴ አይጢት፣ እግሬን ሞቀኝሳ!»

አይጢት ግንባሯን ዳበሰቻት። «ውይ ልጄን! ትኩሳት ነው እኮ ያለብሽ! እንቅልፍ አጥተሽ አጥተሽ ታመምሽ። እንዳትነቃነቂ!» ቀረጥ! ቀረጥ!

ቆይቶ ደግሞ ከላይ ወፍ ጮኸች። «ወፍ ሰማሁ! ወፍ ናት!» አለች ችኩሊት እየዘለለች።

«እሷማ አብዳ ነው፣ ብርዱ ራሷ ላይ ወጥቶባት። የእብድ ዘፈን ታዳምጫለሽ?» አለች አይጢት። ደግሞም ወደ ሌሎቹ ዞራ፦ «ይኸውላችሁ፣ ብርዱ ሲብስ ጊዜ ቀዳዳውን በደረቀ ሣርና በቅጠል ጥርቅም አድርጌ ደፍኜላችኋለሁ። ምንም አይገባባችሁም።»

«ተባረኪ! ዕድሜ ይስጥሽ! የአንቺ ዓይነቱን ጎረቤት ያብዛልን!» ብለው መረቋት። ሥራቸውን ራሳቸው አቀረቡላት። ቀረጥ! ቀረጥ! ቀረጥ!

እንግዲህ ላይ ደግሞ እመት ጉንዳኒት ነቅታለች። እየተንጠራራች መጣችና በቀዳዳው በኩል «የምሥራች!» አለች። ዝም። «የምሥራች!» ጭጭ። ድፋኑ ጆሮ የለው! «ምን ነካቸው? ሞተዋል እንዴ እነዚህ ሰዎች?» ብላ ዙሪያውን ትሽከረከር ጀመር።

ከሥር ችኩሊት ከወትሮው ሌላ ሆነች። እስከ አሁን የሚያገላብጣት ጉጉት ነበር፤ አሁን ፍርሃት ገባባት። ሥሯን ብትዳብስ ግማሹ የለም! የእማማ ድንቡሼን ብትዳብስ፣ ያ የሰባው ሥር እንደ ክር ቀጥኗል።

«እማማ ድንቡሼ፣ ተነሺ! ስንቃችን እያለቀ ነው! እኔ ልወጣ ነው!»

«ሳትጠሪ? የማን ባለጌ ልጅ ነሽ ሳትጠሪ የምትወጪ? አብሳሪ አለች፣ አብሳሪዋ ገና ነው ብላለች። የቸኮለችን አበባ ውርጭ ይበላታል!»

«የተኛችዋን ደግሞ አይጥ ይበላታል!» አለችና ችኩሊት ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ስባ፣ አንገቷን ቀልብሳ፣ በጫንቃዋ ገፋች። አፈሩን ገፋች፣ የበሰበሰውን ቅጠል ገፋች፣ ደከማት፣ ተንፍሳ እንደገና ገፋች። ብቅ!

ወይ ጉድ! ፀሐይዋ ዓይኗን አጠፋችው! በረዶው እዚህም እዚያም ቁራጭ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል፤ የቀረው ውሃ ሆኖ ይሮጣል። ቀና ብትል ደግሞ ልቧ ቀጥ አለ። የዛፎቹ እምቡጥ አብጦ አብጦ ሊፈነዳ ደርሷል! ከራስጌዋ የቆመው አባባ ግንዴ፣ የዛፎቹ ሁሉ ሽማግሌ፣ እያዛጋ ነው።

«አባባ ግንዴ! ትንሽ ይተኙ እባክዎ! ወገኖቼ አልተነሱም! ቅጠልዎን ከዘረጉ እኮ ማለቃችን ነው!»

«ማን ነው ከእግሬ ሥር?» አለ አባባ ግንዴ በጎርናና ድምፁ። «አዬ ልጄ፣ በእኔ እጅ መሰለሽ? ጣቶቼ በራሳቸው ነው የሚከፈቱት። ይኸው፣ አንዱ ተከፈተ። ይኸው፣ ሌላው። ቶሎ በይ ብቻ፣ እኔን አታስለፍልፊኝ። ባወራሁ ቁጥር የባሰ እነቃለሁ።»

ችኩሊት ወደ ሥር አንገቷን ደፍታ ጮኸች፦ «ተነሱ! በረዶው ሄዷል! ፀሐይ ወጥታለች!»

ከሥር የእማማ ድንቡሼ ድምፅ በእንቅልፍ ታፍኖ መጣ። «አብሳሪዋ አላለችም። ተኚ፣ ትኩሳትሽ ነው የሚያስለፈልፍሽ።»

ተመልከቱ እንግዲህ! ሥራቸውን የምትበላውን ያምናሉ፣ በዓይኗ ያየችውን አያምኑም!

ችኩሊት እንባዋ መጣ። እመት ጉንዳኒት ያኔ አየቻትና እየተንደረደረች መጣች። «አለሽልኝ! እኔ እኮ ሁላችሁም ሞታችኋል ብዬ አልቅሼ ልጨርስ ነበር። ስጮህ ለምን ዝም ትሉኛላችሁ?»

«ቀዳዳውን አይጢት ደፍናው ነው። እሷን አብሳሪ አድርገው ቀጥረዋታል። እየመጣች ገና ነው ትላለች፣ ሥራችንን ትበላለች።»

ጉንዳኒት ቀንዷ ቆመ። «ገና ነው ላለች? ገና ነው ላለች ያጎርሳሉ? እኔ የምሥራች ብዬ እንኳ ፍሬ እስኪበስል እየጠበቅሁ! አሁን የታለች ይቺ የተከበረች አብሳሪ?»

«ከሥር ናት፣ እየበላች።»

ጉንዳኒት ወደ ድፋኑ ሄዳ አየችው። ከድፋኑ በስተላይ የቀለጠው በረዶ ኩሬ ሠርቶ ቆሟል፤ ያስቆመው ያው የአይጢት ሣርና ቅጠል ነው። ጉንዳኒት ችኩሊትን አየቻት፣ ችኩሊት ጉንዳኒትን አየቻት። ሳቅ አፈናቸው።

«ዘመዶች!» ብላ ጮኸች ጉንዳኒት። ጉንዳን መቼም ዘመድ አይቸግረው፣ መሬቱ ጠቆረ! ይሄ ሣሩን ይጎትታል፣ ያ ቅጠሉን ይጎትታል። ሆ! ብለው ሳቡት፣ ድፋኑ ተነቀለ፣ ኩሬው ጉልል ብሎ ጎሬው ውስጥ ገባ!

አይጢት ያን ጊዜ ከእማማ ድንቡሼ ሥር አጎንብሳ ነበር። ቀረጥ ስትል፣ ውሃው ጭራዋን ነካት። ብርር ብላ ወደ ኋላ በር ሮጠች። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ያ ስትገባበት የሰፋት በር፣ አሁን ሆዷን አላሳልፍ አላት! ራሷ ወጣ፣ ትከሻዋ ወጣ፣ ሆዷ ስንቅር አለ። ውሃው ከኋላ ወገቧ ደረሰ።

ሞት ሲመጣ ውሸት ይረሳል። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች፣ ጫካው እስኪናወጥ። «ኧረ በረዶው ቀልጧል! ኧረ ሄዷል፣ ከሄደ ቆይቷል! ኧረ ውሃ በላኝ፣ ተነሱ!»

አበቦቹ ከእንቅልፋቸው ብንን አሉ። «ምን አለች?»

«በረዶው ሄዷል አለች!»

«አብሳሪዋ ናት?»

«ራሷ ናት!»

«እንግዲያ የምሥራች ነው እኮ!» አለች እማማ ድንቡሼ። ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ምሥር ብይ!»

«ምሥሩ ይቅርብኝ!» አለች አይጢት፣ እየተንፈራገጠች። «አውጡኝ ብቻ!»

አውጪም አላስፈለጋት። አበቦቹ ሁሉ ባንዴ ሲነሱ፣ በአንገታቸው መሬቱን ሲገፉ፣ አፈሩ ተነፋ፣ ጎሬው ተጨመቀ፣ አይጢት ጧ! ብላ እንደ ቡሽ ወጥታ ሜዳ ላይ ተዘረረች።

እዚያ ሜዳ ላይ ታዲያ ጣራ የለም። በረዶው ለእሷም ጣራዋ ነበር እኮ! ቀና ብትል ሰማይ ብቻ። ካባባ ግንዴ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ጭልፊት ተቀምጣለች፤ የከረመ ረሃብ ያለባት፣ ጨዋ የምትመስል ጭልፊት።

«እንደምን ዋልሽ እሜቴ አይጢት» አለቻት በለስላሳ ድምፅ። «እኔ አሁን መንቃቴ ነው፤ ነገሩን አላጣራሁም። ለመሆኑ በረዶው ሄደ ወይ?»

የለመደ አፍ ምን ይታመናል! አይጢት ከውሃው ሳትደርቅ፣ ሳታስብ፣ «ገና ነው ልጄ፣ ተኚ!» አለች።

«አይ» አለች ጭልፊት፣ ክንፏን እየዘረጋች። «እኔስ ተነስቻለሁ።»

ላፍ!

ከዚያ ወዲያ አይጢትን ያየ የለም።

አበቦቹስ? ያንን ማየት ነበር! ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ብጫው፣ ጫካውን አለበሱት። ሥራቸው ስለተበላ በዚያ ዓመት አጫጭር ነበሩ፤ እማማ ድንቡሼ ራሷ ከጉንዳኒት ጉልበት ብዙም አልበለጠች። ግን አበቡ። ንብ መጣች፣ ተጣደፉ፣ ፍሬ አሰሩ፣ ተጣደፉ፣ ስንቃቸውን ቋጠሩ። የመጨረሻዋ ፍሬ ከመብሰሏ አባባ ግንዴ የመጨረሻ ጣቱን ዘረጋ፤ ጫካው ጣራ ሆነ። ለጥቂት!

ጉንዳኒት ያቺን ቅባት ያላት ቁራሽ እየጎረሰች፣ ፍሬውን እየጎተተች ስታልፍ፣ እማማ ድንቡሼ አንገቷን ደፍታ ጠራቻት። «እመት ጉንዳኒት፣ አውቀን አይደለም። ከርሞም ቀዳዳው ያንቺ ነው። የሚበላም ካበሰረ ወዲያ ነው።»

ጉንዳኒትም፣ «እኔስ ይሁን። ይቅርታውን ለዚያች ሚጢጢ በሏት» አለች።

እማማ ድንቡሼ ወደ ችኩሊት ዞራ፣ «ልጄ፣ ትኩሳት ያልኩሽን...» ብላ ሳትጨርስ፣

«እማማ ድንቡሼ!» አለች ችኩሊት፣ ከአሁኑ እየተገላበጠች። «የከርሞው በረዶ መጣ ወይ?»

«ኧረ ይቺን ልጅ አንድ በሏት!» ጎረቤቱ ሁሉ ጮኸ። በዚያ ዓመት ግን «ተኚ!» ያላት የለም።

እንግዲህ ተረቴ ወርዳለች። ትከሻዬን እሹልኝና፣ ይቺን ይዛችሁ ግቡ፦

«ገና ነው» እያለ የበላ፣ «ደረሰ» አይልም።